ኖራ፣ ሲሚንቶና ቆራሌው፦ የፈረሰ ቤት ዕቃ ለምን ወደ ቤት መመለስ አቆመ?

የሮምን ኮሎሲየም ፎቶ አጉልታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ስልካችሁን አውጡና የውጪውን ግድግዳ ቀረብ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ድንጋይና ድንጋይ በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ግድግዳውን ያበጣጠሱት ብዙ ጉድጓዶች አሉ። የጥይት ወይም የመድፍ ምልክት ይመስላሉ። ግን አይደሉም። ብረት ፈላጊዎች የቦረቦሯቸው ናቸው።

ኮሎሲየም የተመረቀው በ80 ዓ.ም. ነው (አዲስ አበባ እስክንደርስ ድረስ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የውጪው ግድግዳ ድንጋዮች እርስ በርስ የተያያዙት በጭቃም በኖራም አይደለም፤ በብረት ማያያዣ ነው። 300 ቶን ገደማ ብረት እንደገባበት ይገመታል። የሮም ኃይል ሲዳከምና ብረት ሲወደድ ሰዎች መጋጠሚያዎቹን እየፈለፈሉ ብረቱን አወጡት። በ1349 ደግሞ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ የደቡብ ጎኑን ውጫዊ ግድግዳ ደረመሰው። የወደቀው ድንጋይ ታዲያ እዚያው ተጋድሞ አልቀረም። ቤተ መንግሥት ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ሆስፒታል ሆነ። እብነ በረዱ ሳይቀር ተቃጥሎ ኖራ ሆኗል።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው በቁጭት ነው፤ «ያን የመሰለ ሕንፃ በሉት!» ይባላል። እስቲ ለአፍታ ቁጭቱን ወደ ጎን እንተወውና ከግንበኛው አንፃር እንየው። ተጠርቦ የተዘጋጀ ድንጋይ ከደጅህ ወድቆ እያለ፣ ሩቅ ተራራ ድረስ ሄደህ አዲስ ድንጋይ የምትፈነቅልበት ምን ምክንያት አለ? ምንም የለም። ለዚያ ግንበኛ የፈረሰ ሕንፃ ማለት ደረጃውን የጠበቀ፣ ተፈትኖ ያለፈ፣ ለሰፈሩ ቅርብ የሆነ የዕቃ መደብር ነው።

ነገሥታቱም እንዲሁ ነበሩ። በ315 የተመረቀው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ላይ ያሉት ብዙዎቹ ቅርጾች ከእሱ በፊት ለነበሩት ለትራያን፣ ለሃድሪያንና ለማርቆስ አውሬሊዮስ ከተሠሩ ሐውልቶች የተወሰዱ ናቸው። ነገሩ እንዲያውም ከልክ አልፎ ነበር። በ458 ንጉሠ ነገሥት ማዮሪያን የሮምን የሕዝብ ሕንፃዎች እያፈረሱ ለግል ቤት መሥሪያ መውሰድን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ለዚህ ፈቃድ የሚሰጥ ዳኛ 50 ፓውንድ ወርቅ ይቀጣል፤ ትእዛዙን ተቀብለው የሚያስፈጽሙ የበታች ሠራተኞች ደግሞ ይገረፋሉ፣ እጃቸውም ይቆረጣል። (አለቃው በወርቅ፣ ሎሌው በእጁ። ይህ የአከፋፈል ዘዴ ዛሬም አዲስ አይሆንባችሁም።)

ልብ በሉ፤ የዚያ ዘመን ችግር የዛሬው ግልባጭ ነው። ዛሬ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ሰዎች የፈረሰ ሕንፃ ዕቃ መልሰው እንዲጠቀሙ ሕግ ያወጣሉ። ማዮሪያን ግን ሕግ ያወጣው ሰዎች መልሰው መጠቀሙን እንዲያቆሙ ነበር! ለአብዛኛው የከተሞች ታሪክ መልሶ መጠቀም ማንም የማይሰብከው ተራ አሠራር ነበር። እኛም አገር ቢሆን የሃ ብትሄዱ በአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የዋልያ ቅርጽ ያለባቸው ጥርብ ድንጋዮች ታገኛላችሁ፤ ድንጋዮቹ ከክርስትና በፊት ከነበረ ሕንፃ የመጡ ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ደግሞ አሠራሩ ወደ ንግድ አድጎ ነበር። ዛሬ ቤታችሁን ለማስፈረስ ለአፍራሹ ትከፍላላችሁ አይደል? ያኔ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው አፍራሹ ነበር። ቤቱን «ይፍረስልኝ» ላለው ሰው ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጥና ጡቡን፣ የወለል ጣውላውን፣ የጣራ እርሳሱን፣ በርና መስኮቱን አውጥቶ ይሸጥ ነበር። የፈረሰ ቤት ዕቃ በጨረታ መሸጥ የታወቀ ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? መቼስ ተውነው?

የተለመደው መልስ «የሰው ጉልበት ተወደደ፣ ዕቃ ረከሰ» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሁለት ጡቦች መሃል ባለው አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ ተደብቋል።

ያቺ አንድ ሴንቲ ሜትር

በጡብና በጡብ መሃል የሚገባውን ውህድ ሞርታር እንለዋለን። ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል በብዙ ከተሞች ሞርታር ማለት ኖራና አሸዋ ነበር። የጎንደር ግንቦች ድንጋይም የተያያዘው በኖራ ነው።

የኖራ ኬሚስትሪ በጣም ደስ ይላል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወጥቶ ይሄድና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። በላዩ ላይ ውሃ ስታፈሱበት እየተንተከተከ ይፈርስና የታሸ ኖራ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ እየሳበ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ማለትም ግንበኛው ድንጋይን ወደ ሊጥ ቀይሮ፣ ቦታው ካስገባው በኋላ መልሶ ድንጋይ አደረገው። ይህ ለመጠናቀቅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል።

የሚገኘው ድንጋይ ግን ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ከጡቡ ይደክማል። ይህ ጉድለት ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ትልቁ ጥቅሙ ነው። መሬቱ ትንሽ ሲሰምጥ ወይም ግድግዳው በሙቀት ሲለጠጥ የሚሰነጠቀው ሞርታሩ ነው እንጂ ጡቡ አይደለም። ቤቱ ሲፈርስም እንደዚያው። በመዶሻ ጠርዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ስታደርጉት ኖራው ረግፎ ጡቡ ንጹሕ ሆኖ እጃችሁ ላይ ይቀራል። አንድ ጡብ አንድ ቤት ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ሦስትና አራት ቤት ሊሆን ይችላል።

በ1824 ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ ለሰየመው ውህድ የባለቤትነት መብት አወጣ። ስሙን የወሰደው ፖርትላንድ ከምትባል የእንግሊዝ ደሴት ከሚወጣ ታዋቂ የግንባታ ድንጋይ ነው፤ «የእኔም ያንን ይመስላል» ለማለት ነው። ዛሬ የምናውቀው ጠንካራ ሲሚንቶ የመጣው ከእሱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቢሆንም ስሙ እንዳለ ቀረ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር 1,450 ዲግሪ አካባቢ አብረው ሲቃጠሉ ነው። አየር አይጠብቅም፤ ከውሃ ጋር ተዋህዶ በሰዓታት ይይዛል፣ በሳምንታት ይጠነክራል። ውሃ ውስጥም ይጠነክራል። ለድልድይ፣ ለግድብ፣ ለፎቅ ይህ ተአምር ነው፤ ማንም ቢሆን ኖራን ትቶ ወደ እሱ ቢሮጥ አይፈረድበትም።

ችግሩ ሲሚንቶ ሞርታር ብዙ ጊዜ ከጡቡ ይበረታል። ሁለቱን ለማላቀቅ ስትመቱ ጡቡ ይሰበራል፣ ሞርታሩ ይቀራል። ቤቱን የሚያቆመው ነገር ቤቱን ዳግም መጠቀም የማይቻል አደረገው። በየትኛውም ምክር ቤት «ከዛሬ ጀምሮ ጡብ አንዴ ብቻ ይሠራል» ተብሎ አልተወሰነም። ማጣበቂያው ተቀየረ፣ ልማዱ ተከተለ።

ለነገሩ ያው 19ኛው ክፍለ ዘመን ሌላም መንገድ አሳይቶ ነበር። በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ለታላቁ ዓውደ ርእይ የተሠራው ክሪስታል ፓላስ ርዝመቱ ከ560 ሜትር በላይ ነበር። ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው በብረትና በመስታወት ሲሆን ክፍሎቹ አንድ ዓይነት መጠን እየተሰጣቸው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው ሳይት ላይ ተገጣጠሙ። ዓውደ ርእዩ ሲያልቅ ያን የሚያህል ሕንፃ ተፈታ። ተፈታ ነው ያልኩት፣ ፈረሰ አላልኩም። ክፍሎቹ ወደ ሲድንሃም ተወስደው ከፍ ባለና በተለወጠ ቅርጽ ተገጣጥመው በ1854 እንደገና ተከፈተ። በ1936 በእሳት እስኪጠፋ ድረስም እዚያው ቆሟል። በኖራ ብቻ ሳይሆን በብረትና በመስታወትም መፍታት ይቻላል ማለት ነው፤ መጋጠሚያው እስከፈቀደ ድረስ።

ባሕር የገባው ሆቴል

መልሶ መጠቀም የሞተበትን ቀን ቁረጥልን ብትሉኝ 1929ን እመርጣለሁ። በዚያ ዓመት መስከረም ማብቂያ አካባቢ ኒው ዮርክ ውስጥ የዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል መፍረስ ጀመረ። ሆቴሉ የተሠራው በ1890ዎቹ ነው፤ ገና አርባ ዓመት አልሞላውም። ቦታው የተፈለገው ለኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ነበር። ሆቴሉ ከቀድሞዎቹ ሕንፃዎች ይልቅ ጠንክሮ የተሠራ ስለነበር ማፍረሱ ፈተና ሆነ። ከዚያ የባሰው ግን ዕቃው ፈላጊ ማጣቱ ነው። ከእንጨቱ ብዙው ተቃጠለ ወይም ተከምሮ ቀረ። ግራናይቱና ነሐሱ ሳይቀር ብዙው ተጭኖ ሄዶ ኒው ጀርሲ ዳርቻ፣ ሳንዲ ሁክ አጠገብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ተደፋ።

ጥርብ ግራናይት ባሕር ውስጥ! ሮማዊው ግንበኛ ይህን ቢሰማ ያበዱ መስሎት ነበር። ግን በኒው ዮርክ ሒሳብ ትክክል ነበር፦ መሬቱ በየቀኑ ገንዘብ ይበላል፣ አዲሱ ሕንፃ ቶሎ መጀመር አለበት፣ ድንጋዩን ለመደርደርና ገዢ ለመጠበቅ ቦታም ጊዜም የለም። ኤምፓየር ስቴት በ1931 ግንቦት ወር መግቢያ ላይ ተመረቀ። ፍጥነት አሸነፈ።

ልማዱ አንድ ጊዜ ተመልሶ መጥቷል፤ የመጣው ግን በመከራ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በርሊን ውስጥ ብቻ 75 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ፍርስራሽ ነበር። አዲስ ጡብ የሚተኩስ የድንጋይ ከሰል የለም። ስለዚህ ሴቶች በሰልፍ ቆመው ጡቡን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ በመዶሻ ኖራውን እያራገፉ ደረደሩት። ጀርመኖች «የፍርስራሽ ሴቶች» ይሏቸዋል። ማሽንና ሌሎች ሠራተኞችም ነበሩ፤ ሁሉን ሴቶቹ ብቻ አልሠሩትም። ያልረባው ፍርስራሽ ተቆልሎ ቶይፌልስበርግ የሚባል ኮረብታ ሆነ፤ ዛሬ ሰው ለሽርሽር ይወጣበታል። ያ ሁሉ ጡብ ሊጸዳ የቻለው አብዛኛው አሮጌ ቤት በኖራ ስለተገነባ ነው። ዛሬ አንድ የሲሚንቶ ከተማ ቢፈርስ ያ ሰልፍ ብዙም አይጠቅምም።

ይህንን ስል መልሶ መጠቀም ሁልጊዜ ቅዱስ ነው እንዳትሉ። ከዚያው ጦርነት በኋላ ዋርሶን ለመገንባት በሚሊዮን የሚቆጠር ጡብ ከቭሮትስዋፍ ከተማ ተጭኗል፤ ጡብ ፍለጋው ሲበረታ ሊጠገኑ ይችሉ የነበሩ የቭሮትስዋፍ ቤቶችም ፈርሰዋል። ማዮሪያንን አስታወሳችሁ? የዕቃ ረሃብ ሲይዝ የሚበላው የሞተ ሕንፃ ብቻ አይደለም።

«ቆራሌው!»

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ያለውም እዚህ ነው።

እስካሁን ያነበባችሁት ሁሉ መልሶ መጠቀም የጠፋ ጥበብ እንደሆነ ሊያስመስል ይችላል። ግን ጠዋት ጠዋት በሰፈራችሁ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ሰውዬ የዚያ ጥበብ ባለቤት ነው። ቃሉ ራሱ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ተሳስሮ የመጣ ነው። የሰበሰበው ዕቃ ወደ መርካቶ ይወርዳል፤ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ከዞራችሁ በርሜል ወደ ምጣድ ክዳን፣ ብረት ወደ ከሰል ምድጃ ሲለወጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ያገለገለ ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት፣ አሮጌ ሞራሌ መግዛት የፈለገ ሰውም በከተማው ውስጥ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

የጭቃ ቤትን እስቲ እንደ መሐንዲስ እዩት። ቋሚው ባህር ዛፍ፣ ማገሩ ባህር ዛፍ፣ ምርጊቱ ጭቃና ጭድ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ሁሉን የሚያያይዘው ሚስማር። ሲፈርስ መጀመሪያ ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ቀጥሎ በርና መስኮቱ ከነመቃኑ ይወጣል፣ እንጨቱ ይለያል፣ ጭቃው ወደ አፈር ይመለሳል። ሚስማሩ እንኳን በመዶሻ ተቃንቶ ጣሳ ውስጥ ይገባል። አውሮፓ ውስጥ «ለመፈታታት የተነደፈ ሕንፃ» ተብሎ ኮንፈረንስ የሚካሄድለት ነገር ይኸው ነው።

ቆርቆሮው ደግሞ የራሱ የሕይወት ታሪክ አለው። መጀመሪያ ጣራ ነው። ሲነቀል የሚስማር ቀዳዳው ስለሚያፈስ ተመልሶ ዋና ጣራ መሆን ያስቸግረዋል፤ ስለዚህ የማድቤት ክዳን ወይም አጥር ይሆናል። ከአጥርነት ቀጥሎ የሽንት ቤት ግድግዳ ወይም የሳይት መከለያ፣ በመጨረሻ የቆራሌው። እዚህ ላይ የጌጅ ነገር ወሳኝ ነው። ቆርቆሮ ገዝታችሁ የምታውቁ ከሆነ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ እንደሚቀንስ ታውቃላችሁ፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ በጣም ይሳሳል። ርካሹን 35 የገዛ ሰው ዛሬ አተረፈ፤ ቆርቆሮው ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ሕይወት የመኖር ዕድሉ ጠበበ። ሽማግሌዎች «የድሮ ቆርቆሮ» ሲሉ ትዝታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ውፍረትም አለበት።

እንግዲህ ይህች ከተማ በፍጥነት እየተቀየረች ነው። በ2016 ዓ.ም. (አሁን በእኛው አቆጣጠር ነው) ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። መፍረስ ነበረባቸው አልነበረባቸውም የሚለው ክርክር ከዚህ ጽሑፍ ይሰፋል፤ የሚመለከተው ብዙ ሰው አለ፣ ኑሮው የተናጋም አለ። እኔ የማነሳው ጠባብ ጥያቄ ነው፦ ዕቃው የት ገባ? የሚለቀው ሰው በቂ ቀን ሲኖረው ቆርቆሮው፣ በሩና ጣውላው ይነቀላል፣ ይሸጣል ወይም አዲሱ ቦታ ድረስ ይጓዛል። ቀኑ ሲያጥር ዶዘሩ ይቀድማል፤ ሲኖትራክ ላይ የሚጫነው እንጨት፣ ቆርቆሮና ጭቃ የተቀላቀለበት ክምር ነው። ከተቀላቀለ በኋላ ቆሻሻ ነው። በአሮጌ ቤቶች ውስጥ የነበረ የጥድና የዝግባ ጣውላ ደግሞ ዛሬ ገበያ ወጥታችሁ የምትተኩት ዓይነት አይደለም፤ ዛፉ ያን ያህል እስኪደርስ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል።

ይህ ግን አንድ ጊዜ የሚሆን ኪሳራ ነው። የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው። በቦታው የሚቆመው ሕንፃ አምዱ፣ ቢሙና ወለሉ አንድ ላይ የተሞላ ኮንክሪት ነው፤ ግድግዳው በሲሚንቶ ሞርታር የተገነባ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ሲፈርስ አይላቀቅም፣ ይደቅቃል። የዛሬ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ይህ ከተማ እንደገና ሲፈርስ (ከተማ መፍረሱ አይቀርም፣ ዋልዶርፍ አርባም አልሞላም) ቆራሌው ከዚያ ክምር የሚያወጣው ብቸኛው ነገር ፌሮ ነው።

ስለ ፌሮው ማስጠንቀቂያ አለኝ። የፈረሰ ኮንክሪት ባለበት ሁሉ መዶሻና ዲጂኖ የያዙ ልጆች ፌሮ ሲያወጡ፣ ሲያቃኑ ታያላችሁ። ከባድ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው ያበላል። ግን አንዴ ታጥፎ የተቃና ብረት የመለጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉትና ስታቃኑት መጨረሻ ላይ ቀጭ ብሎ እንደሚበጠስ አስቡት። ፌሮ አምድ ውስጥ የሚገባው በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ እንዲለጠጥ፣ ሳይበጠስ ኃይሉን ውጦ ሰዉ እንዲወጣ ጊዜ እንዲሰጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ አልጋችንን ሲያነቃንቅ የነበረውን ሌሊት ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ የተቃና ፌሮ ለአጥር ምሰሶ ይሁን፣ ለችግኝ መደገፊያ ይሁን፤ ለፎቅ አምድ ግን አይሁን። ቀልጦ አዲስ ፌሮ ቢሆን ደግሞ ይሻላል፤ ይህ ግን ከ1,500 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ይፈልጋል። መልሶ መጠቀም የሚባለው ዕቃው ቅርጹን ሳይለቅ ሲያገለግል ነው፤ ማቅለጥና መፍጨት ሌላ ነገር ነው፣ ጉልበቱም ሌላ ነው።

ተራ አሠራር እንዲሆን

የጠፋውን ልማድ ለመመለስ የሞከሩ ከተሞች አሉ። (እዚህ ዓመቶቹ እንደገና በፈረንጅ ናቸው።) የአሜሪካዋ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን በ2016 አንድ ደንብ አወጣች፦ በ1916 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መኖሪያ ቤት በማሽን መደርመስ ቀርቶ በእጅ ክፍል በክፍል መፈታት አለበት። በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። በኋላ መነሻ ዓመቱ ወደ 1940 ከፍ ተደረገ። አንዱ ምክንያት እንጨቱን ማትረፍ ነው፤ ሌላው ድርመሳው የሚያስነሳው እርሳስና አስቤስቶስ ያለበት አቧራ የጎረቤትን ልጆች እንዳይመርዝ ነው። በነገራችን ላይ የዚህች ከተማ ስም ሜይን ግዛት ካለችው ፖርትላንድ ተወሰደ፤ የሜይኗ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ከዚያችው ለሲሚንቶው ስም ከሰጠችው የእንግሊዝ ደሴት ነው። ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል።

ኮፐንሃገን ውስጥ ሌንዳገር የተባለ የአርክቴክቶች ቢሮ የሲሚንቶውን ችግር ፊት ለፊት ገጥሞታል። ከካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ የቆዩ ሕንፃዎች የወጣው ግድግዳ በሲሚንቶ ሞርታር የተገነባ ስለሆነ ጡቡን ነጥሎ ማውጣት አልተቻለም። ታዲያ ምን አደረጉ? ግድግዳውን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እያደረጉ በመጋዝ ቆርጠው፣ ቁራጩን እንዳለ በአዲስ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ለበሱበት። ሲታይ የተለያየ ቀለም ያለው ጨርቅ የተጣጣፈበት ይመስላል፤ ለእኔ ያምራል። ግን ዋጋው ቀላል አይደለም፤ የማጣበቂያ ምርጫ ያመጣውን ዕዳ በመጋዝ መክፈል ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ውስጥ በ2021 የተጠናቀቀው ኬ118 የተባለ ሕንፃ ነው። የብረት አጥንቱ የመጣው ባዝል ከተማ ከፈረሰ የዕቃ ማከፋፈያ ሕንፃ ነው፤ የውጪ ደረጃው ከዙሪክ ቢሮ ነው። ሁሉ በአዲስ ዕቃ ቢሠራ ኖሮ ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ 60 በመቶ ያህሉ እንደተቀነሰ ሠሪዎቹ አስልተዋል። የነደፉበት መንገድ ግን ከቁጥሩ በላይ ይገርማል። እኛ የተማርነው መጀመሪያ ሥዕል፣ ከዚያ የዕቃ ዝርዝር፣ ከዚያ ግዢ የሚል ነው። እነሱ ገለበጡት፤ መጀመሪያ ዕቃ ፍለጋ ወጡ፣ ያገኙትን ለኩ፣ ሥዕሉን ለተገኘው አበጁት። የደረጃው ቁመት የፎቁን ከፍታ ወሰነ። ይህን ስትሰሙ አጎታችሁ ርካሽ መስኮት አግኝቶ ግድግዳውን በመስኮቱ ልክ ያስገነባበት ቀን ትዝ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም። ያው ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ በሒሳብና በፈቃድ ወረቀት ሠሩት።

ወረቀቱ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ መሐንዲስ አሮጌ ብረት ሲያይ «ስንት ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ለአዲሱ ፋብሪካው ይመልስለታል፤ ለአሮጌው ማንም አይመልስም። ናሙና ቆርጦ መሳብ፣ ውፍረቱን መለካት፣ ዝገቱን ማየት ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራ ላቦራቶሪ፣ የተፈተነውን ዕቃ የሚያስቀምጥ ግቢ፣ ፈተናውን የሚቀበል ደንብ ከሌለ የትኛውም ኮንትራክተር ለፎቅ አሮጌ ብረት አይገዛም፤ ትክክልም ነው። ለበር፣ ለመስኮት፣ ለጥርብ ድንጋይ፣ ለጣውላ ግን ይህን ያህል ውጣ ውረድ አያስፈልግም፤ የሚፈልገው የማፍረሻ ፈቃድ ላይ «ለመንቀያ ይህን ያህል ቀን» የሚል አንድ መስመር ነው።

የአዲሶቹን ሕንፃዎች በተመለከተ ደግሞ ሁሉን ነገር ኮንክሪት መተው አይጠበቅብንም። አምዱና ቢሙ ኮንክሪት ይሁን። ግድግዳው ግን ፎቁን አይሸከምም፤ ክፍል ይከፍላል እንጂ። ለምን በዚያው በጠንካራው ሲሚንቶ ይጣበቃል? አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ ስድስት እጅ አሸዋ የሚባል የታወቀ ውህድ አለ፤ ለእንዲህ ዓይነት ግድግዳ ይበቃል፣ ከንጹሕ ሲሚንቶና አሸዋም ይለሰልሳል። የጣራ ብረት በብየዳ ሲያያዝ ለመፍታት መቁረጥ ይጠይቃል፤ በቡሎን ሲያያዝ ቁልፍ ይበቃዋል። ዛሬ የምህንድስና ተማሪ የሆናችሁ ሥዕል ላይ «ብየዳ» ወይም «ቡሎን» ብላችሁ ስትጽፉ፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ለሚመጣው ቆራሌው ዕቃ ወይ ቆሻሻ እየመረጣችሁለት ነው።

አንድ ነገር ሞክሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ግድግዳው ያልተለሰነ አሮጌ የድንጋይ ወይም የጡብ ቤት ስታገኙ (የራሳችሁ ግቢ ይሁን፤ ቅርስ ላይ እንዳትሞክሩ፣ ማዮሪያን አለ) መጋጠሚያውን በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉት። ነጣ ያለ ዱቄት ሆኖ ከረገፈ ኖራ ነው፤ ያ ግድግዳ ሊፈታ ይችላል። ግራጫ ሆኖ ቁልፋችሁን ብቻ ከቧጨረው ሲሚንቶ ነው።